ጨመርን እንጂ አልቀነስን፦ ለመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ስናደርግ ትርፍ ጉልበትን እንዴት እንቁጠር?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነበር። ጠዋት ሳይት ስደርስ የሁለተኛው ፎቅ የቢም ፌሮ ታስሮ አልቋል። አስተሳሰሩ ያምራል፣ ስታፋው (ዋናውን ፌሮ የሚከብበው ቀለበት) ቀጥ ብሏል፣ የሚቀረው ኮንክሪት መሙላት ብቻ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ባለ 16 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት ፌሮ በሙሉ ባለ 20 ሆኗል።

ፌራዮውን ጠራሁት። «አያ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?»

«16 ከገበያ ጠፋ። ሐጂ ደግሞ 20 ነበራቸው። ጨመርን እንጂ አልቀነስን፣ ኢንጅነር!»

ሙሌቱን አስቆምኩ። ከሰዓት ባለቤቱ ሐጂ መጡ። ተቆጥተዋል ማለት አይቻልም፣ ግራ ገብቷቸዋል። «ልጄ፣ ብረቱ የወጣው ከእኔ ኪስ ነው። ቀነስክ ብለህ ብትጣላኝ ይገባኛል። ጨመርክ ተብሎ ይጣሏል እንዴ?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ መሐንዲስም አንዳንዴ እንደዚያው ያስባል። ለክብደት ብቻ ዲዛይን ብናደርግ ሐጂ ልክ ናቸው ማለት ይቻላል። ለመሬት መንቀጥቀጥ ግን ቦታውን የሳተ ትርፍ ጉልበት ሕንፃን ይገድላል። ይህንን ትርፍ መሐንዲሶች በእንግሊዝኛው ኦቨርስትሬንግዝ እንለዋለን፤ እኔ እዚህ ትርፍ ጉልበት እያልኩ እቀጥላለሁ። ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚቆጠር ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ከዚያው ከሐጂ ሕንፃ ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባን

እኛ የምንሠራበት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ኮድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ መሠረቱ የአውሮፓው ዩሮ ኮድ 8 ነው። ኮዱ ኪው የሚባል ቁጥር ይሰጠናል። ለመካከለኛው የዳክቲሊቲ (ሳይሰበሩ የመታጠፍ ችሎታ) ክፍል፣ ብዙ ፎቅና ብዙ ስፓን ላለው መደበኛ የኮንክሪት ፍሬም 3 ሲባዛ 1.3፣ ማለትም 3.9 ነው። ሕንፃው ምንም ሳይጎዳ ቢቆም ኖሮ የሚደርስበትን ኃይል ለ3.9 አካፍለን ወደ ሩብ በሚጠጋው ብቻ ዲዛይን እናደርጋለን ማለት ነው። የቀረውን ሦስት ሩብ ምን ይችለዋል? የሕንፃው መተጣጠፍ። ፌሮው ሲሳብ፣ የቢሙ ጫፍ ሲሰነጠቅ፣ ኃይሉ እዚያ ይባክናል።

ስለዚህ ትልቁ ቀን ሲመጣ ሕንፃው ይታጠፋል፤ ይህ የታሰበበት ነገር ነው። ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ አካል የሚያስተላልፈው ኃይል በኢታብስ፣ ማለትም በስሌት ሶፍትዌሩ ሞዴል፣ የወጣው ቁጥር አይደለም። ቢሙ በእውነት ያለውን ጉልበት ያህል ነው። 143 ኪሎ ኒውተን ሜትር መሸከም የሚችል ቢም ከሞዴሉ 90 ቢወጣለትም፣ የሚያስተላልፈው 143ቱን ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ኮለኑን፣ ቢምና ኮለን የሚገናኙበትን ጆይንትና መሠረቱን በ90 ካሰላችሁ ተሸወዳችሁ ማለት ነው።

ትርፉ ከብዙ ቦታ ይመጣል። ዲዛይን ላይ 500 ሜጋ ፓስካል የሆነውን የፌሮ ጥንካሬ ለ1.15 አካፍለን 435 እናደርጋለን፤ ፌሮው ግን ይህን አያውቅም። ፋብሪካው ሲሠራው 500ን እንዳይጎድል ብሎ ጨምሮ ነው የሚሠራው። ከተሳበ በኋላም ይጠነክራል፤ ክፍል «ሲ» የሚባለው ፌሮ መበጠሻው ከመሳቢያው ከ1.15 እስከ 1.35 እጥፍ መሆን አለበት ይላል ኮዱ። 3.2 ፌሮ ሲያስፈልግ 4 እናስገባለን። በዚያ ላይ የሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) ፌሮ ከቢሙ ጋር አብሮ ይሳባል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ብሎኬቱም አለ። ስለ ብሎኬት ለብቻው እመለስበታለሁ፣ እኛ አገር ዋናው ጉድ እሱ ነው።

ኪው ውስጥ ያለው 1.3ም ራሱ ትርፍ ጉልበት ነው። አንድ ቢም ታጥፎ ሕንፃው ወዲያው አይወድቅም፣ ቀጣዩ ይይዘዋል፣ ከዚያም ሌላው። ይህ የጠቅላላው ፍሬም ትርፍ ነው። የሚጠቅመን ትርፍ ይሄኛው ነው፣ ኮዱም አስቀድሞ ቆጥሮልናል። ፕላኑ መደበኛ ካልሆነ ግን 1.3ን ሙሉ አትውሰዱ፤ ከ1 ጋር አማካዩን፣ 1.15ን ውሰዱ። ወደ ላይ ያልተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ከኪው ላይ 20 በመቶ ይቀነሳል። ደሴ በተራራ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአንድ በኩል ሁለት ፎቅ፣ በሌላው በኩል አራት ፎቅ የሆነ ሕንፃ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ላይ 3.9 የሚጽፍ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ ያስብበት።

ወሎ ውስጥ ይሄ ሁሉ ምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ሽማግሌ ይጠይቅ። ማጀቴ ፈርሳለች፤ ወደ ደሴ የሚያመጣው አውራ ጎዳና ተሰነጣጥቋል። ኮምቦልቻና ደሴ ከዚያው ከቦርከና ስምጥ ጋር ጎረቤት ናቸው። የከተማችሁን ዞን ከኮዱ አባሪ ሰንጠረዥ ራሳችሁ አንብቡ፤ ከጓደኛ ፋይል አትቅዱ። በአሮጌው ኮድ፣ በኢቢሲኤስ 8፣ የተሠራ ፋይል ከሆነ ቁጥሩ የተለየ ነው።

ጆይንቱ ላይ፦ ኮለን ይብለጥ

ሕጉ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ጆይንት፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ የኮለኖቹ የመታጠፍ አቅም ድምር ከቢሞቹ አቅም ድምር ቢያንስ 1.3 እጥፍ ይሁን። ምክንያቱም ቢም ሲታጠፍ ፎቁ ይቆማል፣ ኮለን ሲታጠፍ ግን ፎቁ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

የሐጂ ቢም 30 በ50 ሳንቲ ነው፣ የኮንክሪቱ ደረጃ ሲ 25/30። በዲዛይኑ ከላይ 4 ባለ 16 (804 ካሬ ሚሊ ሜትር)፣ ከታች 3 ባለ 16 (603) አለው። የላዩ አቅም 143፣ የታቹ 110 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይመጣል። መሬቱ ወደ አንድ ጎን ሲገፋ የመሀል ጆይንት ላይ በአንዱ በኩል የላዩ፣ በሌላው በኩል የታቹ ይሳባል። ድምሩ 253 ነው። በ1.3 ሲባዛ 329። ኮለኑ 40 በ40 ሆኖ በአነስተኛው የአክሲያል (ከላይ ወደ ታች የሚጫነው) ጭነት አቅሙ 180 ነው፤ የላይና የታች ኮለን ሲደመር 360። 360 ከ329 ይበልጣል፣ አለፈ።

አሁን የፌራዮውን 20 አስገቡበት። የላዩ 211፣ የታቹ 165 ይሆናል። ድምሩ 376፣ በ1.3 ሲባዛ 489። ኮለኑ ያው 360 ነው። እንዲያውም ከ376ቱ ራሱ ያንሳል፣ ስለዚህ ኮለኑ ከቢሙ ቀድሞ ይታጠፋል። ብር ወጥቶበት፣ ላብ ፈሶበት፣ ሕንፃው ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ሐጂን ያሳመንኳቸው በዚህ ስሌት ሳይሆን በሽቦ ነው። አንድ ቀጭን ሽቦ ከሁለት ወፍራም ፌሮ መሀል አስሬ «ይግፉት» አልኳቸው። ገፉት። የታጠፈው ሽቦው ነው።

ስታሰሉ አራት ነገር ልብ በሉ። የኮለን አቅም ከአክሲያል ጭነት ጋር ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ከርዕደቱ (ከመሬት መንቀጥቀጡ) ጭነት ቅንጅቶች መካከል አቅሙን ትንሽ የሚያደርገውን ውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ ዳር ያለው ኮለን ነው ጉዳዩ። የሶሌታውን ፌሮም ጨምሩ፦ ተሻጋሪ ቢም ባለበት የመሀል ጆይንት ላይ ከኮለኑ ስፋት በተጨማሪ በየጎኑ የሶሌታውን ውፍረት አራት እጥፍ የሚያህለው አብሮ ይቆጠራል፤ 40 ሳንቲ ኮለንና 15 ሳንቲ ሶሌታ ከሆነ 160 ሳንቲ ስፋት ማለት ነው። በብሎኬት ሶሌታ ግን የላዩ ኮንክሪት ስስ ስለሆነ ስፋቱ ያንሳል። የመጨረሻው ፎቅ ጣሪያ ላይ 1.3ቱ አያስፈልግም። ግድግዳ የሚበዛበት ሕንፃም ላይ ሕጉ ይላላል።

ሌላ የተደበቀ ወጥመድ አለ። «እሺ፣ ቁጥሩን ቀንሼ ያንኑ ካሬ ሚሊ ሜትር በ20 ልሙላው» የሚል አለ፤ 3 ባለ 20 ከላይ፣ 2 ከታች። ካሬ ሚሊ ሜትሩ ይቀራረባል። ግን ወፍራም ፌሮ በጆይንቱ ውስጥ ሲያልፍ ኮለኑ ካልሰፋ ይንሸራተታል። ኮዱ የፌሮውን ውፍረት ከኮለኑ ስፋት ጋር ያስራል። የአክሲያል ጭነቱ ከኮለኑ ኮንክሪት አቅም 0.2፣ የታቹ ፌሮ ደግሞ የሚፈቀደውን ትልቁን መጠን ግማሽ ነው ብላችሁ ብታሰሉት፣ 40 ሳንቲ ኮለን ላይ 16 ለጥቂት ያልፋል። 20 ግን ወደ 50 ሳንቲ የሚጠጋ ኮለን ይፈልጋል። ፌሮ መቀየር የካሬ ሚሊ ሜትር ሒሳብ ብቻ አይደለም።

ሺር ላይ፦ ከሞዴሉ አትውሰዱ

ሺር፣ አካሉን እንደ መቀስ የሚቆርጠው ኃይል፣ በድንገት ነው የሚሰብረው፣ ማስጠንቀቂያ የለውም። ስለዚህ ስታፋውን ከሞዴሉ ሺር አታውጡ። ሁለቱም የቢሙ ጫፎች ታጥፈዋል ብላችሁ አስቡ፤ የሁለቱን አቅም ደምሩ፣ በንጹሕ ርዝመቱ አካፍሉ፣ የክብደቱን ሺር ጨምሩ። የሐጂ ቢም ንጹሕ ርዝመቱ 4.6 ሜትር ነው፤ 253 ለ4.6 ሲካፈል 55 ኪሎ ኒውተን። በ20ው ፌሮ ግን 376 ለ4.6፣ ወደ 82። ስታፋውን ግን ማንም አልነካውም። ያንኑ ባለ 8 ነው የቀጠሉት። አየህ፣ ፌራዮው «ጨመርን» ሲል የጨመረው ጭነቱንም ጭምር ነው።

ለመካከለኛው ክፍል ቢም ላይ ተጨማሪ ማባዣ የለም፣ 1 ነው። ለከፍተኛው 1.2። ኮለን ላይ 1.1 እና 1.3 ናቸው። የሊፍት ግድግዳ ካለ ደግሞ በመካከለኛው ክፍል ከሞዴሉ የወጣውን ሺር 50 በመቶ ጨምሩበት፣ ሌላ ጭንቀት የለውም።

ብሎኬቱ፦ ያልተጋበዘው ትርፍ ጉልበት

ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልዲያም ዋና መንገድ ላይ ቆማችሁ ቀና በሉ። ታች ሱቅ ነው፤ ፊት ለፊቱ መስታወትና የሚጠቀለል በር። ላይ መኖሪያ ወይም ፔንሲዮን ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ብሎኬት። ሞዴሉ ላይ ብሎኬቱ ክብደት ብቻ ነው። በእውነቱ ግን የላዩን ፎቅ እንደ ሳጥን አጠንክሮታል። ታች ያሉት ኮለኖች ብቻቸውን ሁሉንም መተጣጠፍ ይሸከማሉ።

ኮዱ እንዲህ ሲል ይጠይቃል፦ ብሎኬቱ የጎደለበት ፎቅ ከላዩ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል የግድግዳ ጉልበት አጣ? ያንን ለፎቁ ጠቅላላ የርዕደት ሺር አካፍሉት፣ 1 ጨምሩበት። የወጣው ቁጥር ከ1.1 ካነሰ ተዉት። ካለፈ የዚያን ፎቅ የርዕደት ኃይሎች በዚያ ቁጥር አባዙ፤ ከኪው ማለፍ አያስፈልግም። ለምሳሌ የታች ፎቅ ሺር 600 ኪሎ ኒውተን ሆኖ የጎደለው ግድግዳ 420 ቢሸከም ኖሮ፣ ማባዣው 1.7 ነው። ኮለኑ በ1.7 እጥፍ። ይህን ሲሰሙ ብዙ ባለቤቶች ከሱቁ ጀርባ አንድ የኮንክሪት ግድግዳ መቆም ይችላል ወይ ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ይችላል፣ ደግሞም ይረክሳል።

ሌላው አጭር ኮለን ነው። መጸዳጃ ቤትና ትምህርት ቤት ላይ ታዩታላችሁ፦ ብሎኬቱ እስከ ወገብ ወይም ከዚያ በላይ ወጥቶ፣ ከላይ በረጅሙ መስኮት ነው። ኮለኑ 2.6 ሜትር ነው ብላችሁ አሰባችሁ፤ ብሎኬቱ ግን ይዞታል፣ ነፃ የቀረው 90 ሳንቲ ነው። ከላይም ከታችም 180 ያለው ኮለን በ2.6 ሜትር 138 ኪሎ ኒውተን ሺር ያመጣል፤ በ90 ሳንቲ 400። በ1.1 ሲባዛ 440። ኮለኑ ጠነከረ ብላችሁ ፌሮ በጨመራችሁ ቁጥር ይሄ ቁጥር ይብሳል። መፍትሔው ብሎኬቱን ከኮለኑ ለይቶ በመሀል ክፍተት መተው፣ ወይም ስታፋውን ለ440 ማሰር ነው። እኔ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ግንበኛው ግን ክፍተቱን በሲሚንቶ እንዳይደፍነው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ይደፍነዋል፣ እመኑኝ፤ ለእሱ ክፍተት ማለት ያልተጨረሰ ሥራ ነው።

መሠረቱ

ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነው። ፉቲንግ ከመሬት በታች ቢሰበር ማን ያየዋል? ስለዚህ ኮለኑ ታች እስኪታጠፍ ድረስ ፉቲንጉ መቆም አለበት።

አሠራሩ ይኸው። የኮለኑን የታች ጫፍ አቅም ከሞዴሉ ለወጣው ሞመንት (የማጠፍ ኃይል) አካፍሉ። ይህ ኦሜጋ ነው። በሁለቱ አቅጣጫ አውጡና ትንሹን ያዙ፣ ከኪውም አይብለጥ። ኪው ከ3 በላይ ከሆነ በ1.2 አባዙት፣ ካልሆነ በ1። የወጣውን በርዕደት ክፍሉ ላይ ብቻ አባዙ፤ የክብደቱ ክፍል እንዳለ ይደመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለቱንም አባዝቶ ፉቲንጉን ሜዳ ያደርገዋል።

የሐጂ ታች ኮለን አቅሙ 200፣ ከሞዴሉ የወጣው 110 ነው። ኦሜጋ 1.82፣ በ1.2 ሲባዛ 2.18። የርዕደቱ ሞመንት ብቻውን 95 ነበር፤ ለፉቲንግ ስንወስደው 207 ሆነ። ቁጥሩ ከበዛባችሁ ኪው 1 ሆኖ ከሚመጣው በላይ መሄድ እንደማይጠበቅባችሁ አስታውሱ። ብዙ ኮለን በጋራ የሚያርፍበት ራፍት (አንድ ሰፊ መሠረት) ወይም ተከታታይ ፉቲንግ ከሆነ ደግሞ ይሄን ሁሉ ትታችሁ በቀጥታ 1.4 መጠቀም ይፈቀዳል። ለስላሳ አፈር ላይ ራፍት የምትሠሩ ኮምቦልቻዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ሶሌታው ኃይሉን ወደ ግድግዳ ሲያስተላልፍም ትርፍ ይጠየቃል፤ ለሺር 1.3፣ ለመታጠፍ 1.1። በተለይ ደረጃውና ሊፍቱ ሶሌታውን የቀደዱበት ቦታ ላይ።

ብረት ፍሬምና የአሜሪካው ኦሜጋ

ኮምቦልቻ የብረት መጋዘንና ፋብሪካ ስለሚበዛባት ባጭሩ። በብረት ላይ ብየዳውና ቡሎኑ ከሚያያይዙት ብረት ጉልበት በላይ ይሁኑ፤ የብረቱን አቅም በ1.1 እና በ1.25 አባዙ፣ ማለትም ወደ 1.375። ለ235 ሜጋ ፓስካል ብረት የተዘጋጀ ዲዛይን ላይ የተሻለ ነው ብሎ 355 ብረት የሚያመጣ አቅራቢ፣ ከሐጂ ፌራዮ ጋር አንድ ነው። ዘንጎቹ ጠነከሩ፣ ብየዳው እንዳለ ቀረ።

ኢታብስ ላይ የአሜሪካውን ኮድ ስትመርጡ ኦሜጋ የሚል ሳጥን ይመጣል፣ ለልዩ ፍሬም 3 ነው። እነሱ ከሰንጠረዥ አንብበው የተወሰኑ አካላት ላይ ያባዙበታል፤ ለምሳሌ ከላይ የመጣ ግድግዳ ታች ሲቋረጥ የሚሸከመውን ኮለን። የኮለንና የቢም ንጽጽራቸውም 1.2 ነው። የእኛ ኮድ ሰንጠረዥ አይሰጥም፣ አስሉ ይላል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ጥፋቱ ማደባለቅ ነው። የዩሮ ኮዱን ስፔክትረም በ3.9 አካፍሎ የአሜሪካውን ኦሜጋ 3 የሚለጥፍ ፋይል በእጄ ገብቶ ያውቃል።

ሳይት ላይ

ሥዕሉ ላይ አንድ ማስታወሻ ጻፉ፦ የፌሮ ቅያሪ፣ ወደ ትልቅም ቢሆን፣ ያለ መሐንዲሱ ፊርማ አይፈቀድም። «ወደ ትልቅም ቢሆን» የሚለውን በደማቅ። ፌሮው ሲመጣ የፍተሻ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ከታችኛው ገደብ ባልተናነሰ የላይኛውንም እዩ። ለከፍተኛው ክፍል እውነተኛው መሳቢያ ከስሙ 1.25 እጥፍ ማለፍ የለበትም፤ 650 የሚሳብ «500» ፌሮ ቢም ውስጥ ጠላት ነው። የስታፋው ጫፍ ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ ይታጠፍ፤ በ90 የታጠፈ ስታፋ ኮንክሪቱ ሲረግፍ ይከፈታል። የ50 ሳንቲ ቢም ጫፍ ላይ በስታፋዎቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ12.5 ሳንቲ አይብለጥ።

የሐጂን ሕንፃ እንዴት ፈታነው? 20ውን በሙሉ አወጣነው። ሁለት ቀን ፈጀ። ከተማው ውስጥ የተራረፈ 16 ለቃቅመን ከላይ 2 ባለ 16ና 3 ባለ 14 አደረግን፣ ከታች 4 ባለ 14። 864 እና 616 ካሬ ሚሊ ሜትር። የቢሞቹ ድምር 264፣ በ1.3 ሲባዛ 344 ገደማ። ኮለኑ 360 አለው። አለፈ።

ሐጂ ቡናው ላይ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ እንደገና ጠየቁኝ። «እሺ፣ ያወጣኸውን 20 በኮለኑ ክተተው። ኮለን ይብለጥ አላልክም?» ፈጣን ሰው ናቸው። ጆይንቱ ላይ ልክ ነበሩ። ግን ኮለኑ ታች ሲጠነክር ኦሜጋ ያድጋል፣ ፉቲንጉ ደግሞ ለ207 ተሞልቶ ተቀብሯል። ላይ ብቻ ጨምረን ታችን ብንተወው ደግሞ የደካማውን ፎቅ ችግር በእጃችን ፈጠርነው። እምቢ አልኩ።

ፌሮው ሸራ ለብሶ ግቢው ውስጥ ከረመ። በኋላ ከጎን ለመጋዘን የሚሆን አዲስ ፉቲንግ ሲቆፈር እዚያ ገባ። ከፉቲንግ በታች የሚሰበር ጎረቤት ስለሌለ፣ እዚያ ላይ ሐጂ የፈለጉትን ያህል ቢጨምሩ አልጣላቸውም።